ቀድሞ የገባ ዓሣውን ይጨምር

የዚያ ቤት ሰዎች ሁሉ ሩጫ ላይ ነበሩ። አባት ቀለም ቀቢ ነው፤ እናት ዓሣ ገበያ ውስጥ ዓሣ ታጸዳለች፤ ትልቋ ልጅ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ትንሹ ልጅ ቀን በሞተር ዕቃ ሲያደርስ ይውልና ማታ ይማራል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ፣ ደረጃ ላይ ተላልፈው ሰላም የሚባባሉ ቤተሰቦች ናቸው። እናትየዋ አንዳንዴ፣ እኛ እኮ ኩሽና የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን እያለች ትቀልድ ነበር። ቀልዳ ስትጨርስ ግን ሆዷ ይባባል። ልጆቿ ዳቦ በሻይ በልተው የሚተኙበት ምሽት ለእሷ ምሽት አይደለም፤ ነውር ነው።

መላውን ያገኘችው ከኤሌክትሪክ ድስቱ ነው። ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ብረት የሆነ፣ ሕፃን ልጅ የሚያህል ከባድ ድስት ነው፤ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ቤት ስትለቅ ትታላት ሄደች። ጠዋት ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይተዋል፤ እሱም አይቸኩል፣ አይገነፍል፣ ቀኑን ሙሉ ለራሱ እያጉረመረመ ሲያበስል ይውላል። ልጆቹ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ዘገምተኛው» የሚል ስም አወጡለት። በዚያ ቤት ውስጥ የማይቸኩል እሱ ብቻ ስለነበር ስሙ ጸደቀለት።

እናትየዋ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ሽንኩርቱን በትልልቁ ትከትፋለች፤ ቲማቲም፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ትጨምርበታለች፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠብ አድርጋ ክዳኑን ትገጥማለች። ዓሣውና ሽሪምፑ ግን ጠዋት አይገቡም። ዓሣ ሆደ ባሻ ነው፤ እሳት ሲበዛበት ይፈርሳል። ሽሪምፕ ደግሞ አኩራፊ ነው፤ ብዙ ከቆየ ደርቆ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ሁለቱም ታጥበው፣ ተቆራርጠው፣ በጎድጓዳ ሳህን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣሉ። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፦ አመሻሽ ላይ ቤት ቀድሞ የገባ ዓሣውን ይጨምር። ሌላው እንደደረሰ እየጨለፈ ይበላል።

ቀድማ የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ ትልቋ ነበረች። ቀቢው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቲነር ቲነር እየሸተተ፣ ፀጉሩና ቅንድቡ በኮርኒስ ቀለም ተዥጎርጉሮ። ሚስቱ ወንበር ላይ አስቀምጣው፣ ጥጥ በጋዝ እየነከረች፣ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ከፀጉሩ ትለቅምለታለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የዋለበትን ቤት ያወራላታል፦ ባለቤቶቹ ስለ ቀለሙ እንዴት እንደተጣሉ፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ምን እንደተገኘ። ስለ ራሱ አያወራም። ድሮ ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ሲሰበር እንኳ ተንሸራተትኩ ብሎ ነው ያለፈው። ያን ጊዜ እሷ ጮኻ አልቅሳ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እሱም በክንዱ መሰበር ሳይሆን በጎረቤቱ መሰብሰብ አፍሮ ለረጅም ጊዜ አኮረፋት። ከዚያ ወዲህ በመሃላቸው ማንም ያልተናገረው ስምምነት አለ፤ አንዱ የሌላውን ገመና አይገልጥም። እሷ ይሄን ፍቅር ትለዋለች። ፍቅርም ነበር።

አንድ ምሽት የድስቱን ክዳን ስትከፍት ዓሣው የለም። አለ፣ ግን ዓሣ አይባልም፤ ነጩ ሥጋ ተበታትኖ ከቲማቲሙ ጋር ተዋህዷል። ሽሪምፑን ብትቀምሰው ላስቲክ ሆኗል። ትንሹ ልጅ ሳህኑን በማንኪያ እያማሰለ፣ የጠፋ ዓሣ ያያችሁ ብለን ማስታወቂያ እንለጥፍ አለ። ባሏ ከሁሉም ቀድሞ ሳቀ። ዛሬ ቀድሞ የገባው እሱ እንደሆነ፣ ግን ከትልቋ ብዙም እንዳልቀደመ፣ ሳያውቀው ማዞሪያውን ወደ ከፍተኛው ሙቀት ሳያዞረው እንዳልቀረ ነገራቸው። ልጆቹ አመኑት። የአባታቸውን ቃል በዓሣ ጉዳይ ላይ የሚጠራጠሩበት ምን ምክንያት አላቸው?

እሷ ግን ዕድሜዋን ከዓሣ ጋር የፈጀች ሴት ናት። ዘገምተኛው በከፍተኛው ሙቀትም ቢሆን ያን ያህል አይቸኩልም። ያ ዓሣ እኩለ ቀን ላይ የገባ ዓሣ ነው። ማንኪያዋን አስቀምጣ ባሏን አየችው። ፀጉሩ ንጹሕ ነው፤ ቅንድቡም ንጹሕ ነው፤ ቀለም ያለው ሱሪው ጉልበት ላይ ብቻ ነው። ጋዝና ጥጥ ካነሳች ስንት ጊዜ ሆናት? አስባ አስባ አቃታት።

ለጥቂት ቀናት የማታስበውን ሁሉ አሰበች። ሌላ ሴትም አሰበች፤ ከዚያ በራሷ ሳቀች። ሰው ሚስቱን ሊያታልል ከቤቱ ይወጣል፤ የእሷ ባል ግን ከሚስቱ ተደብቆ የሚመጣው ወደ ገዛ ቤቱ ነው።

መልሱን ያመጣላት መሰላል ነው። መሰላል የባሏ የሥራ ሸሪክ ነው፤ ስሙ የወጣለት በቁመቱ ነው፤ ዝቅ ያለ ኮርኒስ ወንበር ሳይፈልግ ይቀባል ይባላል። ዓሣ ሊገዛ መጥቶ ፊቷ ቆመ፤ እሷም ቅርፊቱን እየፋቀች፣ እንደ ዋዛ፣ ባሌ ሥራ ላይ እንዴት ነው አለችው። ያ ሁሉ ቁመት እጥፍ አለ። ዓሣዎቹን እያገላበጠ ቆይቶ፣

«እትዬ፣ እኔ ምንም አልነገርኩሽም» አለ።

«አልነገርከኝም።»

«መሰላል መውጣት ከተወ ቆየ። ትንፋሽ ያጥረዋል። የታችኛውን ግድግዳ እሱ ይቀባል፣ ላይ ላዩን እኔ እጨርሳለሁ። ምሳ ሲደርስ ፊቱ አመድ ይመስላል፤ እባክህ ቤትህ ሂድ እለዋለሁ። ለቤት ትንፍሽ ብትል አንተና እኔ ተለያየን ብሎኛል።»

«እኔም አልሰማሁም» አለችና ዓሣውን ጠቅልላ ሰጠችው።

የዚያን ዕለት መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነው የሄደችው። ቆጣ ልበል? ቀስ ብዬ ልጀምር? ልጆቹ ሳይመጡ ልጨርሰው? እንዲህ እያለች በሩን ከፈተች። እሱ ኩሽናው መግቢያ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፈገግ ብሎ፣ ዛሬም ቀደምኳችሁ፣ አሁን ገና መግባቴ ነው አላት። ጉንጩ ላይ የሶፋው ትራስ ስፌት ታትሟል። እንደዚያ ተኝቶ ውሎ፣ የእግሯን ድምፅ ሲሰማ ተነስቶ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ለእሷ ብሎ ጤነኛ መስሎ የቆመውን ሰው ስታይ ያዘጋጀችውን ሁሉ ተወችው። ዓሣውን ያለ ጊዜው የሚጨምረው ለምን እንደሆነም ገባት። አንዴ ከተጋደመ በሰዓቱ ስለመነሳቱ ራሱን አያምንም፤ ስለዚህ ሳይተኛ ሥራውን ይጨርሳል። ልጆቹ መጥተው ባዶ ድንች እንዳያገኙ ነው።

አልጠየቀችውም። ነገ ዛሬ ስትል፣ ሲመቸው ራሱ ይነግረኛል ስትል፣ ሌላ ብልሃት መጣላት።

ዓሣ ገበያው ውስጥ ሰው አይቶት የሚያልፈው አንድ ነገር ቢኖር ስምንት እግር ያለው ኦክቶፐስ ነው። መልኩ አያምርም፣ ሥጋው ድርቅ ያለ ነው፤ ቶሎ ላብስልህ ያለውን ሰው ያሳፍራል። በዝግታ ለረጅም ሰዓት ሲበስል ግን ልቡ ይራራል። እኩለ ቀን ላይ ገብቶ እስከ ማታ ቢቆይ አይፈርስም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የሚበላው። ከኦክቶፐስ ድስት ማን መቼ ቤት እንደገባ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ትልቁን መርጣ፣ አጽድታ፣ ቆራርጣ ቤት ይዛ ሄደች፤ በሁሉም ፊት ከዛሬ ጀምሮ የምንበላው ይሄን ነው፣ ቀድሞ የገባ ሰው እንደገባ ይጨምረው፣ ሰዓት መጠበቅ ቀርቷል ብላ አወጀች። ባሏ ሳህኑን አየ። ከዚያ እሷን አየ፤ ረዘም ላለ ጊዜ። ከዚያ እሺ አለ።

እሷም በብልሃቷ ኮራች። መዋሸት አልነበረም፤ መሸፈን ነው። ቀኑን ሙሉ እጇ በበረዶ ውስጥ ሆኖ ዓሣ ስታጸዳ፣ አሁን ገብቶ ይሆናል፣ አሁን ጨምሮት ጋደም ብሎ ይሆናል እያለች ታስባለች፤ ደስም ይላታል። እሱ ሲደበቅ እሷ ደጅ ላይ ቆማ የምትጠብቅለት ይመስላታል።

ዝናቡ ገባ። ልጆቹ ኦክቶፐስ ሰለቻቸው። ትንሹ፣ ጠዋት ስነሳ እግሬን እቆጥራለሁ፣ እስካሁን ሁለት ነው እያለ ያሾፍ ነበር። ትልቋ ደግሞ እማዬ ዓሣ ቤት ሠርታ ዓሣ የምትነፍገን ለምንድን ነው ትላለች። ኦክቶፐስ ርካሽ ነው፣ ዝም ብላችሁ ብሉ ትላቸዋለች እናታቸው። አባትየው አይጨቃጨቅም። ከድርሻው ግማሹን አንስቶ ለትንሹ ያደርግለታል፤ አንተ ሞተር ላይ ነው የምትውለው፣ ሥጋ ያስፈልግሃል ይለዋል። እሱ ዳቦውን መረቁ ውስጥ እየነከረ ይበላል። እሷ ይሄንንም አይታለች፤ የአባት አንጀት ነው ብላ አለፈችው።

እየከሳ ሄደ። ሱሪው ሲሰፋበት ሳትነግረው ቁልፉን አስጠግታ ሰፋችለት፤ እሱም ሳይናገር ለበሰው። የገበያውን ዘንቢል በደረጃው ትንሹ እንዲያወጣ አደረገች። ከታች ያለው ሱቅ መሄድ የእሱ ተራ ሲሆን፣ እኔ የምፈልገው ነገር አለ ብላ ትቀድመዋለች። ሲያስል ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። እንዲያ አድርጋ ባሏን ከሁሉም ሰወረችው፤ ከልጆቹ፣ ከጎረቤት፣ ከራሱም ጭምር። አንዳንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ታየዋለች። ያን ጊዜ እንዳይጨነቅ ብላ ወሬ ትጀምርለታለች።

አንድ ቀን ነፋሱ በረታና ጀልባዎቹ ሳይወጡ ቀሩ። የሚጸዳ ዓሣ ስላልነበረ ዓሣ ሻጩ ሠራተኞቹን በየቤታችሁ ሂዱ አላቸው። እሷ ልትሄድ አልፈለገችም። በዚያ ሰዓት ቤት መግባት ማለት በሰው ገመና ላይ በር መክፈት ነው። ሱቆቹን እያየች ዞረች፤ የማትገዛውን ጫማ ለካች፤ ዝናቡ ልብሷን ዘልቆ ሲገባ ግን የምትሄድበት አጣችና ደረጃውን ወጣች። በሩን ስትከፍት ሆነ ብላ ቁልፉን አቃጨለችው፤ ተነስቶ ፀጉሩን እንዲያበጥር ጊዜ ልትሰጠው።

ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። ጀርባውን ለቁም ሣጥኑ ሰጥቷል፤ ጎድጓዳው ሳህን ጭኑ ላይ ነው፤ የኦክቶፐሱ ቁርጥራጭ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ዘገምተኛው ከባሏ ራስ በላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው ያጉረመርማል።

«ቀድመሽ መጣሽ» አላት።

«ወለሉ ይቀዘቅዛል» አለችው። ብብቱ ሥር ገብታ ስታነሳው ክብደቱ የአንድ ቅርጫት ዓሣ አይሞላም፤ ዕለት ዕለት ከዚያ የበለጠ ተሸክማ ታውቃለች። በዚህ ነው እንባዋ የመጣው።

የጎረቤት ታክሲ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እያዳመጠችው፣ የደረቱን ራጅ በመብራት ላይ ይዛ እያየች፣ መቼ ጀመረዎት ብላ ጠየቀችው። እሱ ሐኪሟን አልነበረም የሚያየው፤ ሚስቱን ነው። ዝናቡ ሳይገባ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ አለ። ሐኪሟ ቆይታ ሚስቱን ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት። የሳንባ በሽታ እንደሆነ፣ በጊዜው ቢመጣ ብዙ የሚሞከር ነገር እንደነበረ፣ አሁን ግን ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ሌላ ተስፋ ልትሰጣት እንደማትችል ነገረቻት። ክፉ ሰው አልነበረችም። ግን ጥያቄ ነውና ጠየቀች።

«ቤት ውስጥ ማንም አላስተዋለም?»

ሚስትየዋ ማንም አላስተዋለም ብትል ይቀላት ነበር። ስታስተውል የኖረችውን ሁሉ፣ ፀጉሩን፣ ጉንጩን፣ ሱሪውን፣ ሳሉን፣ አንድ በአንድ አሰበችው። ያን ሁሉ ያየ ዓይን ስላላት ራሷን ጠላች። ምንም የማታስተውል ሞኝ ሚስት ብትሆን ኖሮ፣ አንድ ቀን ድንገት አይታ፣ ደንግጣ፣ ጮኻ፣ ጎረቤት ሰብስባ፣ ባሏን እያኮረፈም ቢሆን ጎትታ ታመጣው ነበር።

ስትመለስ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ ነበር፤ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎለት ፊቱ ትንሽ ተመልሷል። ልጆቹ እየመጡ ነው፤ ገና አልደረሱም። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ታውቂ ነበር እኮ።»

«አንተ እንደማውቅ በምን አወቅክ?»

«ኦክቶፐሱን ያመጣሽ ቀን ነው። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ደስ አለኝ፤ አሁን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ።» ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆም አለ። «እኔ መጀመር አልቻልኩም። ፈሪ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። አንቺ አንድ ቀን ብትጠይቂኝ ግን ሁሉንም እነግርሽ ነበር። ቆይቼ ቆይቼ፣ እሷም መስማት አትፈልግም ማለት ነው አልኩና ተውኩት።»

«እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።»

«እኔም እንዳላስደነግጥሽ ብዬ።»

እጁን ያዘችው። ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም አልለቀቀም፤ የመጨረሻው ቤት ቀለም አረንጓዴ ነበር። ልጆቹ ደረሱ፤ ትልቋ ከመድኃኒት ቤቱ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው የሮጠችው፤ ትንሹ ሄልሜቱን አቅፎ አልጋው ግርጌ ቆመ። ትልቋ አባቷን አይታ እናቷን አየቻት፤ የምትለው ነገር ነበራት፣ ግን ያን ቀን አላለችውም። በኋላ ብላዋለች፤ እናትየዋም ሳትከራከር ሰምታታለች።

ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ ጠያቂ ሆነች። ሆስፒታል በገባች ቁጥር የት አመመህ፣ እንዴት አደርክ፣ ምን ፈራህ፣ ምን አማረህ ትለዋለች፤ እሱም ሁሉንም ይመልስላታል። ማታ ማታ መሞትን እንደሚፈራ ነገራት። መሰላል መውጣት ያቆመ ቀን ሽንት ቤት ገብቶ እንዳለቀሰ ነገራት። የጎን አልጋው ታማሚ፣ እናንተ ባልና ሚስት ወሬ አያልቅባችሁም ወይ ብሎ አሾፈባቸው። በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመናቸው ያን ያህል አውርተው አያውቁም ነበር።

አንድ ቀን ምን ልሥራልህ አለችው።

«ዓሣ» አለ። «ያን ነጩን። የሚፈርሰውን።»

«ኦክቶፐሱስ?»

ፈገግ አለ። ሊያስቀይማት አልፈለገም፤ ግን መመለስ ለምዷል።

«እሱን መብላት ካቃተኝ ቆይቷል። ማኘክ ትንፋሼን ይጨርሰዋል። መረቁን ነበር የምጠጣው። ደክመሽ ያመጣሽው ስለሆነ አልበላም ማለት ከበደኝ።»

ለትንሹ ያስተላልፍ የነበረው ቁርጥራጭ ሁሉ ዓይኗ ላይ መጣ። ገመናውን የሸፈነችበት ምግብ ለእሱ ረሃብ ነበር። ልጆቿ ዳቦ በሻይ በልተው እንዳይተኙ የምትሟገተው ሴት፣ ባሏን በገዛ ገበታው ላይ፣ ያን ያህል ጊዜ፣ ዳቦ በመረቅ አሳድራዋለች።

በማግስቱ ከገበያው ትኩሱን ነጭ ዓሣ መርጣ፣ አጥንቱን በጣቷ እየዳሰሰች አንድም ሳታስቀር ለቀመችው። ወደ ሥራ አልሄደችም። ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ድንቹን ከተተች፤ ዓሣውንም አብራ ጨመረችው፤ ሰዓት አልጠበቀችለትም፤ እንዲፈርስ ፈልጋ ነው። ድስቱ አጠገብ ወንበር አምጥታ ተቀመጠች። ድንቹ ሲበስል ሁሉንም በሹካ ፈጨችው፤ በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን ይዛ፣ ሳይበርድ፣ አልጋው አጠገብ ደረሰች።

በማንኪያ ጫፍ እያደረገች አጎረሰችው። የመጀመሪያውን ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉ ውስጥ አቆይቶ ዋጠው። ሁለተኛውን ዋጠና አረፈ። እሷ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። ሦስተኛውን ስታቀርብለት ከንፈሩን ገጠመ።

«ጨው አነሰው?»

«አላነሰውም።»

«አጥንት አገኘህ?»

«ምንም አጥንት የለውም።»

«ታዲያ ለምን አትበላም?»

ለመመለስ ትንፋሽ ሰበሰበ። እሷም ወሬ ሳትጀምርለት፣ ቀና ብላ እያየችው፣ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አልችልም» አላት። «ዘገየ።»